ፍጥረት ሁሉ የተያያዘ ነው ማለት ከሃይማኖት ያወጣልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ሲሰጠን አሠልጣኙ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረትና የቡድሃን ትምህርት እያነሣ «ሕይወት ያለው ሁሉ አንዱ በሌላው የቆመ ነው» አለን። ልቤን ነካው፤ ግን ፈራሁ። ይህን ብቀበል ከሃይማኖቴ እወጣለሁ? ተረቶቹን ለልጆቹ ብነግራቸውስ? በዝምታ ተቀምጦ ትንፋሽን ማዳመጥስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅቴ፣ ልብሽን የነካው እንግዳ ነገር አይደለም። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን የሰው ሥጋ ከ4ቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ እንላለን። እንግዲያው የምትረግጪው አፈር የሥጋሽ ዘመድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ፍጥረት ሁሉ አብሮ እንደሚቃትትና እንደሚያምጥ ጽፎልናል (ሮሜ 8፥22)። ጾመ ነነዌን ስንጾም የምናስበውን ታሪክ ልብ በዪ፤ አዋጁ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ላሞችና በጎችም አንዳች እንዳይቀምሱ የሚል ነበር። ሰው በድሎ ከብቱ አብሮ ተራበ፤ ሰው ምሕረት አግኝቶ ከብቱ አብሮ ተረፈ። በመስተብቍዕም፣ ማለት በምልጃ ጸሎታችን፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። ዝናም በዘገየበት ሰኔ ይህን ጸሎት ከገበሬ ጎን ቆሞ የሰማ ሰው መያያዝ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

የሌሎቹንም ነገር በቅንነት እንየው። ሆደኖሾኒ የሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ሕዝቦች ምድር ስትጀመር እንዲህ ሆነ ብለው ይተርካሉ፤ አንዲት ሴት ከሰማይ ስትወድቅ የውኃ ወፎች በክንፋቸው ተቀበሏት፣ ኤሊ ጀርባዋን ሰጠቻት፣ ከውኃው ጥልቅ የወጣ ጭቃ በኤሊዋ ጀርባ ላይ ሰፍቶ ምድር ሆነ። እነዚሁ ሕዝቦች ሲሰበሰቡ አስቀድመው ምስጋና ያደርሳሉ፤ ሰውን፣ ውኃን፣ ዓሣን፣ ዕፅዋትን፣ ነፋሳትን፣ ፀሐይን እያነሡ ሄደው ፈጣሪን አመስግነው ይፈጽማሉ። እኔ ይህን ሳስብ የሚመጣብኝ የሠለስቱ ደቂቅ መዝሙር ነው። እነዚያ ብላቴኖች በእቶኑ መካከል ቆመው ፀሐይና ጨረቃን፣ ዝናምና ጠልን፣ ዓሣና አራዊትን እግዚአብሔርን ባርኩ እያሉ ጠሩ።

የቡድሃ ትምህርት ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር፣ ሉምቢኒ ላይ የተወለደው ሲድሃርታ ጎታማ ማንኛውም ነገር ብቻውን እንደማይቆም፣ ሁሉ ከሌላ ምክንያት እንደሚመጣ አስተማረ። ከዚህም ርኅራኄ ይወለዳል፤ በታይላንድ መነኮሳቱ ደን እንዳይጨፈጨፍ በዛፎች ላይ የምንኩስና ልብስ ያስራሉ። ጽድና ወይራ በከበበው ደብር ያደግን እኛ ይህን ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን በዚያ ትምህርት ሁሉን የሚያያይዝ ፈጣሪ የለም፤ ጸንታ የምትኖር ነፍስም የለችም፤ ያለው የመወለድና የመሞት ዑደት፣ ከዚያም መውጣት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ አመስጋኙም ተመስጋኙም ከሌሉ ምስጋናው ለማን ይደርሳል? እኛ ሰው አንድ ጊዜ እንደሚሞት፣ ከዚያም ፍርድ እንዳለ (ዕብ 9፥27)፣ ይህ ከአፈርና ከውኃ የተሠራ ሥጋም እንደሚነሣ እናምናለን። ሁሉ በክርስቶስ ተጋጥሟል (ቆላ 1፥17)። መያያዙን ተቀበዪ፤ ያያያዘውን ግን አትተዪ።

አባቶቻችን የሩቅ አገር ታሪክ አልፈሩም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ የበረላምንና የይዋሴፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገ የሕንድ ልዑል በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ ልቡ ሲታወክ፣ የባሕታዊውን ትምህርት ሰምቶ ሲጠመቅ፣ መንግሥቱንም ሲተው የሚተርክ ነው። ሊቃውንት መነሻውን ሲመረምሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ሆኖ አግኝተውታል። ታሪኩ ከአገር አገር ሲሻገር ልዑሉ ክርስቶስን ፈላጊ ሆነ።

ስለዚህ ለልጆቹ ንገሪያቸው። አስቀድመሽ ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከሚያዩት ጀምሪ፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር መኖራቸውን፣ የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ መጠጣቷን፣ የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል በአንበሳ መሄዳቸውን ንገሪያቸው። የኤሊዋን ነገር በተረትነቱ አምጪው፤ ኦሪት ዘፍጥረትን ደግሞ በእምነትነቱ አንብቢላቸው። ሁለቱን ካልለየሽላቸው ይደባለቅባቸዋል።

በዝምታ መቀመጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በምስል ፊት ማጎንበስና የማታውቂውን ቃል እየደጋገሙ መጥራት ካለበት ግን ራቂ። ዝምታው ካማረሽ መቁጠሪያሽን ያዢና 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ፤ ትንፋሹን ለሰጠሽ ተናገሪበት። በቀን ስንት ጊዜ፣ ከስግደት ጋር ወይስ ያለ ስግደት የሚለውን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ አቅምሽን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።