ውርጭ የመታውን አተር አትንቀለው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ያለሁበት ቦታ በጣም ብርድ ነው፣ ውርጭ የሌለበት ጊዜ ሦስት ወር አይሞላም። አምና አተር ቀደም ብዬ ዘራሁ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በሰበሰ፣ የበቀለውን ደግሞ ውርጭ አጠቆረው፣ እሱን ነቅዬ እንደገና ብዘራ አበባ ላይ እያለ ብርዱ ደረሰበት። ልተወው ወይስ ምን ላድርግ?"

ኧረ አትተወው ወንድሜ፣ የጎዳህ ከውርጩ ይልቅ መንቀልህ ነው። አተር ሲበቅል የዘሩ ክክ አፈር ውስጥ ነው የሚቀረው፣ እንደ ቦሎቄ ወደ ላይ አይወጣም፣ ስለዚህ ጫፉ ቢቃጠልም ከታች ካለው እንቡጥ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አንድ አስር ቀን ታግሰህ ማየት ነበር። ችግኝ እያለ ከዜሮ በታች 2 እና 3 ዲግሪን ብዙ ጊዜ ይችላል። የማይችለው አበባውና ለጋው እሸት ነው። እና ቀን ስትቆጥር ውርጭ የሌለበትን ጊዜ ብቻ አትቁጠር፣ ከመጨረሻው ውርጭ በፊት ያሉት 3 ወይም 4 ሳምንታትም ያንተ ናቸው፣ ለአተር ማለቴ ነው፣ ቦሎቄ ላይ እንዳትሞክረው!

የበሰበሰውን ያበላሸው ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ብርድና ውሃ ሲገናኙ ነው። አፈሩ 5 ዲግሪ ከሆነ አተር ለመብቀል ከወር በላይ ሊፈጅበት ይችላል፣ 10 ዲግሪ ሲሆን ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፣ እስከዛ ጭቃ ውስጥ ከተኛ ፈንገስ ይበላዋል። ቴርሞሜትር ጠዋት 5 ሴንቲሜትር አስገብተህ ለካ፣ ተከታታይ ቀናት 6 ወይም 7 ካሳየህና አፈሩ በእጅህ ስትጨብጠው የሚፈረፈር ከሆነ ዝራ፣ ካልሆነ ጠብቅ። ከፍ ያለ መደብ ብትሰራ ውሃው ቶሎ ይወርዳል አፈሩም ቀድሞ ይሞቃል። ዘሩን ሌሊቱን ሙሉ አትዘፍዝፈው፣ ለቀዝቃዛ አፈር አይሆንም። ደግሞ ዘሩን እየው፣ የተጨማደደው ጣፋጭ ነው ግን ስኳር ስለሚበዛበት ቶሎ ይበሰብሳል፣ ልሙጡ ክቡ ብርድ የተሻለ ይችላል፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ልሙጡን ነው የምዘራው።

ዝርያው ላይ 55 ወይም 60 ቀን የሚል ፈልግ፣ አጭሩን፣ ብርድ ስለሚያዘገየው ሁለት ሳምንት ጨምረህ ብርዱ ከሚመለስበት ቀን ወደኋላ ቁጠር። ደረቅ አተር ካሰብክ ግን ከእሸቱ በላይ ብዙ ሳምንት ይፈልጋልና ባንተ ቦታ ቁማር ነው።

ዩሪያ አታብዛ በናትህ፣ ቅጠል ብቻ ይሆንና አበባው ይዘገያል፣ ላንተ ደግሞ የቸገረህ ጊዜ ነው። አተር ያልተዘራበት መሬት ከሆነ ዘሩን ለአተር በተዘጋጀ ራይዞቢየም፣ ማለትም ሥሩ ላይ ኖሮ ከአየር ናይትሮጅን በሚሰጠው ባክቴሪያ፣ አሽተህ ዝራ።

አበባ ላይ ውርጭ ሊጥል ነው ከተባለ ማታ በጨርቅ ሸፍነህ ጠዋት ግለጠው፣ እሸቱ ከሞላ ግን ምን አስጠበቀህ፣ በዚያው ቀን ልቀመው።