ቡችላው የእናቴን መስሚያ አኘከው፣ ባትሪውም ጠፋ

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ወንድሜ ከአሜሪካ በላከላት ከጆሮ ጀርባ በሚንጠለጠል መስሚያ ነው የምትሰማው። ቅዳሜ ቡና ላይ ጫጫታ ሲበዛባት አውልቃ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ ነጠላውን ሶፋው ላይ ትታ ስትነሳ የ5 ወር ቡችላችን የግራውን አኘከው። ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት፣ ግን አይሰራም። ባትሪውን ቤቱን ገልብጬ ፈልጌ አጣሁት፣ ውሻው ውጦት ይሆናል ብዬ ተውኩት። እሷ ደግሞ «ውሻ የነካውን ጆሮዬ ውስጥ አላስገባም፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን የምሰማው ቀረኝ» ብላ ደህናውንም አውልቃ ቁጭ ብላለች። መስሚያን ከውሻ የምንጠብቅበት ዘዴ ካለ ይንገሩኝ። ጽሑፌ ከተዘበራረቀ ይቅርታ፣ የ2 ዓመት ልጄን ከሰኞ ጀምሮ ጉንፋን ይዞት እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በአንድ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ንፍጥ ይወርደዋል፣ ከበፊቱ የተረፈ አሞክሳሲሊን ጀምሬለታለሁ። ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እህቴ፣ ውሻውን ለጊዜው ተይው። ልጁን ይዘሽ የአንገት በላይ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሂጂ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ እንደውም ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ብትነሺ ደስ ይለኛል። የቀረውን ወረፋ ስትጠብቂ ታነቢዋለሽ።

ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ልንገርሽ። ጉንፋን ሁለቱንም አፍንጫ ነው የሚይዘው። የ2 ዓመት ልጅ በአንድ በኩል ብቻ ንፍጥ ከወረደው፣ ያ ንፍጥ ደግሞ ከሸተተ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ አፍንጫው ውስጥ የገባ ነገር አለ ብለን ነው የምንነሳው። አብዛኛውን ጊዜ ሽምብራ ነው፣ ባቄላ ነው፣ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ ዶቃ ነው፣ እነሱን ተረጋግተን እናወጣቸዋለን። ያንቺ ቤት ግን ቅዳሜ ባትሪ ጠፍቷል፣ ሰኞ ደግሞ ልጁ በአንድ አፍንጫው መሽተት ጀምሯል፣ ሁለቱን ነገር በአንድ ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱን በይቅርታ መልክ መጨረሻ ላይ አስቀመጥሽው። ውሻው ውጦት ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ልጁም ሽምብራ ከትቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚህ ግምት ላይ የልጅ አፍንጫ አላስይዝም።

ባትሪ እንደ ሌላው ባዕድ ነገር ዝም ብሎ አይቀመጥም። የመስሚያ ባትሪ ወፍራሙ እንኳ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የተለመዱት 13 እና 312 ቁጥር 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ማለትም ለልጅ አፍንጫ ልክ ናቸው። እርጥብ ሥጋ ሲነካ ኤሌክትሪኩ በእርጥበቱ ውስጥ መዞር ይጀምራል፣ በኔጌቲቭ ፊቱ በኩል ደግሞ እንደ በረኪና የሚበላ ኃይለኛ አልካሊ ይፈጠራል፣ እና ሥጋውን ያቃጥለዋል። ይሄ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት የሚጀምር ነገር ነው። ሁለቱን አፍንጫ የሚለየው ግድግዳ ተበስቶ ሊቀር ይችላል፣ የተበሳ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይከተላል። ጆሮ ውስጥ ከገባም ታምቡሩን ሊበሳው ይችላል። «ያለቀ ባትሪ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚባለውን አትስሚ፣ መስሚያ ለማሰራት ያልበቃ ባትሪ ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። ያለቀውን ነው እንደውም ሰው መስኮት ላይ፣ ቡፌው ላይ፣ የትም የሚጥለው።

ስለዚህ እስክትደርሺ፦ በጣትም በወረንጦም በጥጥም አትነካኪው፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ዘይት፣ ቅቤ፣ የጨው ውሃ፣ የአፍንጫ ጠብታ፣ ምንም ነገር እንዳታንጠባጥቢ፣ እርጥበት ሲጨመርለት ማቃጠሉን ነው የሚያፋጥነው። ለማውጣት ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብ አትስጪው። በር ላይ ለመጀመሪያው ሰው «የመስሚያ ባትሪ ቤት ውስጥ ጠፍቶብኛል፣ አፍንጫው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም» በይ፣ በዚህ ቋንቋ ንገሪያቸው፣ «ጉንፋን ይዞታል» ካልሽ ከጉንፋኖቹ ጋር ትሰለፊያለሽ። ራጅ ይነሳል፣ ባትሪ ራጅ ላይ ጠርዙ ድርብ ክብ ሆኖ ስለሚታይ ከሳንቲም እንኳ ይለያል። የደረቱንና የሆዱንም አብረው እንዲያዩለት ጠይቂ፣ ልጅ አንዱን አፍንጫው ከቶ ሌላውን የሚውጥበት ጊዜ አለ።

አሁን ስለ አሞክሳሲሊኑ። እህቴ፣ ለምንድነው ግን? ከበፊቱ የተረፈ ሽሮፕ የሚባል ነገር መኖር የለበትም እኮ። አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ቢበዛ 2 ሳምንት ነው ዕድሜው፣ ከዛ በኋላ ጣፋጭ ውሃ ነው ለልጅሽ የምትሰጪው። ጉንፋን ቢሆን ደግሞ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አሞክሳሲሊን ምንም አይሰራለትም። ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሽታውን ትንሽ ቀነስ ያደርገውና «አየሽ፣ ተሻለው» ብለሽ ሌላ ሦስት ቀን ትቀመጫለሽ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የጠርሙሱን ስም ለሐኪሙ ንገሪው፣ ከዛ ጣይው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኢንተርኔት ላይ «ባትሪ ለዋጠ ልጅ ማር ስጡት» የሚል ታገኚያለሽ። ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም፣ ግን ቦታው ሌላ ነው። አሁን ገና የዋጠ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነ፣ መዋጥ የሚችል ልጅ ከሆነ ወደ ሆስፒታል መንገድ ላይ እያሉ ማንኪያ ማንኪያ የሚሰጥ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ቃጠሎውን ለማዘግየት። አፍንጫ ውስጥ ለገባ አይደለም፣ ቅዳሜ ለጠፋም አይደለም፣ ሆስፒታል መሄድን የሚተካ ደግሞ በጭራሽ። «ሙዝ አብሉት፣ በሰገራ ይወጣል» የሚሉሽንም ራጁ ሳይታይ አትስሚያቸው። ትንንሾቹ ጨጓራ ከደረሱ ብዙዎቹ በራሳቸው ይወጣሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ጨጓራ መድረሱን ሙዙ አይነግርሽም። በኋላ ልጁ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ሰገራው ከጠቆረ ሰዓት ሳታይ ተመለሺ።

ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ። የሚሸት ንፍጥ ሲያይ ጉንፋን ነው የማይል እናት የለም፣ አንቺ ጭራሽ ከእናትሽም ከልጅሽም መሀል ተይዘሽ እንቅልፍ የለሽም። ከሄድሽ በኋላ ሽምብራ ሆኖ ቢገኝ በኔ ሳቂብኝ።

ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ውሻ መስሚያ የሚወደው ክፉ ስለሆነ አይደለም። መስሚያው ላይ ኩክ አለ፣ ላብ አለ፣ የሚወደው ሰው ጠረን አለ። ከዛ ሌላ፣ መስሚያ ሳይጠፋ ሲወልቅና በጨርቅ ወይም በእጅ ሲታፈን ራሱን መልሶ እየሰማ ያፏጫል። በዕድሜ የሚመጣ የጆሮ ድካም ቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ስለሆነ እናትሽ መስሚያውን ካወለቁ በኋላ ያንን ፉጨት አይሰሙትም፣ ሰው በደህና ጆሮው እስከ 20,000 ኸርዝ ነው የሚሰማው፣ ውሻ እስከ 45,000 አካባቢ ይደርሳል፣ ድመት ከሱም ታልፋለች። እና ነጠላ ውስጥ የተቋጠረ የሚያፏጭና የሚሸት ነገር ጥርሱን እየቀየረ ላለ የ5 ወር ቡችላ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ከ3 እስከ 6፣ 7 ወር ያለው ጊዜ ሁሉን ነገር የሚያኝክበት ነው፣ በኋላ ይቀንሳል።

ዘዴው አሰልቺ ነው፦ ከጆሮ ከወጣ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ሌላ ቦታ የለውም። ትራስ ሥር፣ ሶፍት ላይ፣ ኮመዲኖ ላይ፣ ጋቢ ኪስ ውስጥ፣ ነጠላ ጫፍ ላይ አይቀመጥም። ክዳኑ ጠንካራ የሆነ ሣጥን ይሁንና ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ ይግባ፣ ለስላሳውን ዚፕ ያለውን ቦርሳ ውሻ ያኝከዋል። ሲያወልቁ የባትሪውን በር ከፈት ያድርጉት፣ ፉጨቱ ይቆማል፣ እርጥበቱም ይወጣል። ግን በሩ የተከፈተ መስሚያ ባትሪው ስለሚወድቅ ይሄ የሚሰራው ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ማታ ማታ ኩኩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ቡና ላይ ደግሞ ጫጫታ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ከማውለቅ ይልቅ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይለማመዱ፣ ቡና የሚጠጣበት ክፍል ውስጥም አንድ ትርፍ ሣጥን ይኑር። አንዳንዶች ልብስ ላይ የሚያያዝ ገመድ ይገዛሉ፣ ለመውደቅ ጥሩ ነው፣ ድመት ያለበት ቤት ግን የሚወዛወዝ ገመድ ለድመቷ መጋበዝ ነው።

ባትሪዎቹን ቁጠሩ። አዲሱም ያለቀውም አንድ የተቆለፈ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ያለቀውን ለመጣል ስታወጪ ራስሽ አውጪው። ልጅም ውሻም ባለበት ቤት የባትሪው በር የሚቆለፍ ዓይነት መስሚያም አለ፣ ወንድምሽ ሲገዛ ይጠይቅ። ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ባትሪ ከመቁጠር ያሳርፋችኋል፣ እሱ ግን ውስጡ ሊቲየም ስለሆነ ውሻ ጥርሱ ካገኘው አፉን ሊያቃጥለውም ሊያነደውም ይችላል፣ እና ሣጥኑ ለሱም ይሰራል።

ውሻውን ደግሞ አንርሳው፣ ባትሪውን ነክሶት ከሆነ አፉ ተቃጥሎ ይሆናል። ምራቅ ካበዛ፣ አፉን በእግሩ ከቧጠጠ፣ ካልበላ ወይም ሰገራው ከጠቆረ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ለማስመለስ ብላችሁ ጨው እንዳትግቱት። በዚያው ክትባቱን ጠይቂ። የደረቀ ምራቅ የእብድ ውሻ በሽታ አያስተላልፍም፣ በዛ በኩል እናትሽን አረጋጊያቸው፣ ንክሻ ወይም ጭረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያልተከተበ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እናትሽ «ውሻ የነካውን አላስገባም» ያሉትን አትሟገቻቸው፣ ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ተቀያሪ ስለሆነች ጆሮ ውስጥ የምትገባው አዲስ ትሆናለች። «ምን የምሰማው ቀረኝ» ያሉትን ግን አልቀበልም። እኔ እንደሚመስለኝ ውሻው አይደለም ያስኮረፋቸው፣ የልጃቸው ዶላር በሳቸው ስህተት መና የቀረ መስሏቸው አፍረው ነው። ስለዚህ ነጠላዋ ላይ የቋጠረችው እሷ ናት የሚል ወሬ ከቤት ይጥፋ። መስሚያ አውልቆ ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከሰው ያርቃል፣ ያስተክዛል፣ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ2024 የወጣው የባለሙያዎች ኮሚሽን ሪፖርት ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች ውስጥ ያልታከመ የመስማት ችግርን አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ደህናው የቀኙ ነው አይደል? ቀይ ምልክት ያለበት የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው፣ አይተሽ ዛሬውኑ አድርጊላቸው። በአንድ ጆሮ ለጊዜው ይበቃል።

የለጠፍሽውን ግን ጆሯቸው ውስጥ እንዳትመልሺው። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ጠርዙ ቆዳ ይቆርጣል፣ ሱፐር ግሉውም ድምፅ ማስገቢያዋን ቀዳዳ ዘግቷት ይሆናል። ከተሰነጠቀ በኋላ ጆሯቸው ላይ ሞክረነው ነበር ካልሽ ደግሞ የጫፉ ጎማ ተነቅላ ጆሯቸው ውስጥ አለመቅረቷን ልጁን የሚያየው ሐኪም በዚያው ይመልከትላቸው፣ አብረው ይምጡ። የታኘከውን ስብርባሪ ሁሉ ሰብስቢ፣ እንዳትጥዪው። ላዩ ወይም የባትሪው በር ሥር ሴሪያል ቁጥር አለ፣ ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽ ላኪለት፣ አሜሪካ የተገዙ ብዙዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ለመጥፋትም ለመሰበርም ዋስትና አላቸው፣ ስብርባሪውን ካልመለሳችሁ ግን እንደ ጠፋ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ይሄን ሁሉ ግን ከሆስፒታል ስትመለሺ።