ክራራችሁን ራሳችሁ ቃኙት፦ ክራር ለያዛችሁ የጅማ ሴት ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ያንን ቪዲዮ ሦስት አራታችሁ ላካችሁልኝ። ሴቶች ብቻ ናቸው። ሃርፕ የሚባለውን፣ ከቁመታቸው ጋር የሚተካከል ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ቀኝ ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ክላሲካል ሙዚቃ ይጫወታሉ። ከሥሩ ደግሞ «ቲቸር፣ እኛም በክራር እንዲህ መሥራት እንችል ይሆን?» ብላችሁ ጽፋችኋል። አዎ፣ ትችላላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ጅማ ሙዚቃ ሳስተምር ኖሬያለሁና አውቃለሁ። ግን ቪዲዮው ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልነግራችሁ ቡድን መሥርቱ ማለት አልፈልግም።

ነገሩ መቃኘት ነው፤ የክሮቹን ድምፅ ማስተካከል። አንድ የኦርኬስትራ ሃርፕ 47 ክር አለው። አራት ሴቶች አራት ሃርፕ ይዘው ሲቀመጡ 188 ክር ማለት ነው። ፒያኖ ተጫዋች ቃኚ ይጠራላታል። ሃርፕን ግን የምትቃኘው ተጫዋቿ ራሷ ናት፤ ከልምምድ በፊት፣ ከዝግጅት በፊት፣ አንዳንዴም በዕረፍት ሰዓት ተመልካቹ ውጭ ሻይ ሲጠጣ። የመድረኩ መብራት ሲሞቅ ክሩ ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ መቃኛ ቁልፏን ይዛ አንድ በአንድ ታዳምጣለች። ዶ የሚሰጡት ክሮች ቀይ፣ ፋ የሚሰጡት ጥቁር ናቸው፤ ያለዚያ በዚያ ሁሉ ክር መሀል ዓይን ይጠፋዋል። በቪዲዮው የምታዩት አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

የእናንተ ክራር ስድስት ክር ነው ያለው። ስድስት ብቻ! ሆኖም ብዙ ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ፤ ጣቷ የሚያስገርም፣ ድምጿ የሚያስገርም፣ ክራሩ ሲዛባ ግን ዞር ብላ «እስኪ ቃኝልኝ» የምትል። የሚቃኝላት አስተማሪው ነው፣ ወይ ወንድሟ፣ ወይ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ። እሱ የቀረ ቀን ልምምድ የለም። በትዝታ ቅኝት ቃኝቶ ከሰጣት ትዝታ ትጫወታለች፤ ባቲ የሚባለው ቅኝት ካማራት እሱን ትጠብቃለች። ልጆቼ፣ ይሄ ያበሳጨኛል። መቃኘት የማትችል ተጫዋች የምትጫወተውን ራሷ አትመርጥም። ሴቶች ብቻ የሆናችሁበት ቡድን መሥርታችሁ መቃኛውን ለሌላ ሰው ከሰጣችሁ፣ ቡድኑ የዚያ ሰው ነው።

እንዴት ትጀምራላችሁ? ስልካችሁ ላይ ቲዩነር (ድምፅ መለኪያ) አለ፤ ለመጀመሪያዋ ክር ብቻ ተጠቀሙበት። አንዷ የመጀመሪያዋን ክር ትያዝ፣ የቀራችሁት ዓይናችሁን ጨፍኑና በጆሮ ወደ እሷ ድምፅ ኑ። ሁለት ክር ሊገናኝ ሲቃረብ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ዋ-ዋ-ዋ ይላል። እየተጠጋችሁ ስትሄዱ መንቀጥቀጡ ይዘገይና ይጠፋል። የጠፋ ጊዜ አቁሙ። ያቺን ቅጽበት መስማት የለመደ ጆሮ ከዚያ በኋላ ቲዩነር አይፈልግም። ከዚያ ሌሎቹን ክሮች ከመጀመሪያዋ አስማሙ። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹ የልምምድ ሰዓት በዚህ ቢያልቅ አትናደዱ፤ ሰዓቱ አልባከነም።

ቀጥሎ ትዝታ ሜጀርን ወደ ማይነር ቀይሩ። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለው። ይህን ሳትጨነቁ መሥራት ስትችሉ መድረክ ላይ አትሸበሩም። ቢሆንም አንድ ቅኝት ያላቸውን ዘፈኖች ተከታትለው እንዲመጡ አድርጋችሁ ፕሮግራማችሁን ደርድሩ። ሰው ፊት ቁጭ ብሎ በየዘፈኑ መሀል መቃኛ ማዞር ተመልካች ያሰለቻል።

ሃርፖቹ እዚህ ላይ ሌላ ብልሃት አላቸው። ከሥራቸው ሰባት ፔዳል አለ፤ ሦስቱ በግራ እግር፣ አራቱ በቀኝ። የዶ ፔዳል ሲረገጥ በመሣሪያው ላይ ያሉት የዶ ክሮች በሙሉ ማለት ይቻላል አንዴ ግማሽ ድምፅ ይሻገራሉ። እያንዳንዱ ፔዳል ሦስት ቦታ አለው። ይህን አሠራር በ1810 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ሴባስቲያን ኤራር የሚባል ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃርፕን በየትኛውም የድምፅ መነሻ (ኪይ) መጫወት ተቻለ። ስለዚህ እነዚያ ሴቶች እጃቸው ሲጫወት እግራቸው ሥራ ላይ ነው፤ ረጅሙ ቀሚስ ሸፍኖት እኛ አናየውም።

የሚያስደስታችሁ ነገር ልጨምር። ፔዳሎቹን በአንድ ዓይነት መንገድ ካስቀመጧቸው ሁለት ጥንድ ክሮች አንድ አንድ ድምፅ ይጋራሉ፤ ከሰባቱ ድምፅ አምስቱ ብቻ ይቀራል። ያ አምስት ድምፅ ትዝታ ሜጀር ነው። እጅን ክሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ብታንሸራትቱት ትዝታ ይወርዳል። ስለዚህ እነሱ የሚጫወቱትን ከእኛ የሚያርቀው ነገር የምታስቡትን ያህል ብዙ አይደለም። የእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን ፒያኖ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ የራሳቸውን ድርሰት ሲጽፉ ግን የአገራቸው ቅኝት በጣታቸው ላይ ነበር።

ለአራት ሃርፕ ተብሎ የተደረሰ ሙዚቃ ብዙ አይደለም። እንዲህ ያሉ ቡድኖች ለፒያኖ ወይም ለኦርኬስትራ የተጻፈውን በትነው ይከፋፈሉታል፤ አንዷ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ)፣ አንዷ መሀሉን፣ አንዷ ዜማውን። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አራታችሁም አንድ ዜማ እኩል ብትመቱ፣ የሚሰማው አንድ የጮኸ ክራር ነው። አንዷ ቤዝ ክራር ትያዝ። አንዷ ትግረፍ (ክሮቹን ባንዴ ትምታ)፣ ሁለቱ ይደርድሩ (አንድ በአንድ ይንኩ)። የምትገርፈዋ ግራ እጇ የማይፈለገውን ክር አፍኖ መያዙን አትርሳ። ሃርፕ ላይም ትልቁ ፈተና ይኸው ነው፤ የተመታው ክር እጅ ካልከደነው ማስተጋባቱን አይተውም፣ የሚቀጥለውንም ድምፅ ያደፈርሰዋል።

አብሮ መምታትም አለ። ቫዮሊኖች ትንሽ ቢዘገዩ ቀስቱ ይሸፍንላቸዋል። የሚመታ ክር ግን ምንም አይሸፍንም፤ አንዷ የዓይን ጥቅሻ ታህል ብትዘገይ ሰው ሁሉ ይሰማታል። እነዚያ ሴቶች መሪ የላቸውም። ደግማችሁ እዩት፤ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት አንዷ አየር ትስባለች፣ ትከሻዋ ከፍ ይላል፣ ሌሎቹም አብረው ይስባሉ። በመጀመሪያ ያለ ክራር ተለማመዱት። በትንፋሽ ተጀምሮ በጭብጨባ ይለቅ፤ አራት እጅ አንድ ጭብጨባ እስኪሆን።

መሣሪያ ውድ ነው ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ሃርፕ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ ዋጋው ቤት ያሠራል። ክራር ግን በባጃጅ ይሄዳል። ጅማ ደግሞ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት። ከዋንዛ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፍል እጅ፣ ካሳያችሁት፣ የክራር ገበቴም መፈልፈል አያቅተውም። ለእጃችሁ በሚመች መጠን አሠሩት። አንሪየት ሬኒዬ የምትባል ፈረንሳዊት ሃርፕ ተጫዋች ነበረች። ሃርፕ ስትጀምር እግሯ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ አባቷ መቀጠያ ሠራላት። በ11 ዓመቷ የፓሪስ ኮንሰርቫቶር የሚባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንደኛ ሽልማት ወሰደች። ያ አባት «ስታድጊ ትጫወቻለሽ» ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ።

ክረምቱን ተጠንቀቁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይለሰልሳል፣ ድምፁ ይደፈናል፣ ክሩም ይወርዳል። ክራራችሁን ከግድግዳ አርቃችሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ስቀሉት። ከሰል ላይ ግን አታሙቁት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ትንሽ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ቤተሰብ። «ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚሉ እናቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ፈረንጅ አራዳም፣ ሂርማታም። አትፍረዱባቸው። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ታቅፋ መድረክ ላይ በወጣችበት ዘመን ለሴት መድረክ ምን ያህል ስም ያስወጣ እንደነበር እነሱ ሰምተው ነው ያደጉት። ዛሬ አስናቀች በክብር የምትነሣ ስም ናት። ይህን ለእናታችሁ በክርክር አታስረዱ። ልምምድ ላይ ጋብዟት፣ ቡና ይፈላ፣ አጠገባችሁ ትቀመጥ። እናንተ ስትቃኙ፣ ስትሳሳቱ፣ ስትደግሙ ትይ። ሥራ መሆኑን ያየች እናት ትለሳለሳለች። ልምምዱንም ሳይመሽ ጨርሱ። ይህን የምለው ለሐሜተኛ ብዬ አይደለም፤ ለእግራችሁ ደኅንነት ብዬ ነው።

በቡድናችሁ ውስጥ ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም አላችሁ። ጅማ ናታ። መንዙማ እየሰማች ያደገችው ልጅ ለምልልስ ያላት ጆሮ ሌላ ነው፤ ዝማሬ ያሳደጋትም የራሷን ይዛ ትመጣለች። ሁሉንም ተጠቀሙበት፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ሥሩ። በገና ግን ለብቻው ተዉት። አሥር ክሩ፣ ያ የሚያጉረመርም ድምፁ እንደሚማርካችሁ አውቃለሁ። ሃርፕን ስታዩም መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ እሱ ነው። በገና ግን የጸሎትና የሁዳዴ መሣሪያ ነው፤ ሰርግ ማድመቂያ ላድርገው ቢባል ባለቤቶቹን ያስከፋል። መማር የምትፈልግ ካለች ወደ በገና መምህር ሄዳ በሥርዓቱ ትማር። ሴት ስለሆነች የሚከለክላት ነገር የለም፤ እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል።

ገንዘብ። አጭር ነው የምናገረው። በ1778 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ሞዛርት ለአንድ መስፍን የዋሽንትና የሃርፕ ኮንቼርቶ (ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱት ድርሰት) ጻፈ፤ ዋሽንቱን መስፍኑ፣ ሃርፑን ሴት ልጁ እንዲጫወቱት። መስፍኑ ሥራውን ተረከበ፣ ወራት አለፉ፣ ክፍያው አልመጣም። ሞዛርት ላይ የደረሰ እናንተ ላይ አይደርስም አትበሉ። ለሰርግ ወይም ለምረቃ ስትጠሩ ቀብድ ተቀበሉ፣ ቀሪውም መቼ እንደሚከፈል በወረቀት ይሁን። «ልጆቻችን ናችሁ፣ ለልምድ ይሁናችሁ» የሚል አይጠፋም። ለእድርና ለሆስፒታል በነፃ መጫወት መልካም ነው፤ ድግሱን ከፍሎ ለደገሰ ሰው ግን አይሆንም።

የመጨረሻው ስማችሁ ነው። የቪየና ፊልሃርሞኒክ በ1842 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በዓለም የታወቀ ኦርኬስትራ ነው። አና ሌልኬስ የምትባል ሃርፕ ተጫዋች ከ20 ዓመት በላይ አብራው ስትጫወት ሙሉ አባል አልነበረችም፤ ሴት ናትና። አባልነቷ የጸደቀው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ድምጿ ለዚያ ሁሉ ዘመን ይፈለግ ነበር። ስሟን መዝገብ ላይ ለማስፈር ግን ያን ያህል ፈጀ።

ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዳችሁን ስም ከነአባት ስም ጻፉ። ከጎኑ መሣሪያዋንና ድርሻዋን፦ ክራር፣ ቤዝ ክራር፣ ያቀናበረችው፣ የቃኘችው። ወረቀቱን ለመድረክ መሪው በእጁ ስጡት፣ ፊቱ ቆማችሁም አንዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ጠይቁት። «ቆንጆዎቹ ልጆቻችን» ብሎ ሊያልፍ ካሰበ ያኔውኑ ታርሙታላችሁ።