ቅንጣቱ ሲደቅ ማግኔትነቱ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከጣና ዳር አሸዋ ውስጥ በማግኔት የለቀሙት ጥቁር ቅንጣት፣ ማግኔቱ ከራቀ በኋላም እርስ በርሱ እንደተያያዘ ይቆያል። ማግኔታይት በናኖሜትር መጠን ሲዘጋጅ ግን ማግኔትነቱን አይዝም ሲባል ሰምቻለሁ። ስላነሰ ብቻ እንዴት ይጠፋል?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የአካባቢያችሁ ድንጋይ ባዛልት በመሆኑ ተማሪዎችዎ የለቀሙት ቲታኒየም የተቀላቀለበት ማግኔታይት ሳይሆን አይቀርም። ንጹሑ ማግኔታይት እስከ 580 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የአቶሞቹን ሰልፍ፣ ማለትም የአቶሞቹ ጥቃቅን ማግኔትነት በሥርዓት መደርደሩን፣ ይጠብቃል።

«ጠፋ» የሚለው ቃል ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ስፋቱ 10 ናኖሜትር በሆነ የማግኔታይት ቅንጣት ውስጥ ሰልፉ አልፈረሰም፤ ሰልፈኛው በሙሉ በአንድነት ፊቱን ስለሚያዟዙር ነው ማግኔትነቱ የማይታየን። አቅጣጫውን የሚያጸናው ጉልበት ከቅንጣቱ ይዘት ጋር አብሮ ሲያንስ፣ የክፍሉ ሙቀት የሚሰጠው ግፊት ለትልቁም ለትንሹም ያው ነው፤ የደንገል ታንኳን የሚያንገላታው የጣና ማዕበል ትልቁን የጭነት ጀልባ ንቅንቅ እንደማያደርገው ማለት ነው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ 8 እጥፍ ስለሚያድግ ለውጡ ድንገተኛ ነው፦ በ10 ናኖሜትር በሴኮንድ ውስጥ እልፍ ጊዜ የሚገለበጠው አቅጣጫ፣ ከ30 ናኖሜትር በላይ ሲሆን ጸንቶ ይቆያል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊ ኔል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 በቀመር ያስረዳው ይህ ጠባይ ሱፐርፓራማግኔቲዝም ይባላል። (በሙቀጫ ወቅጦ እዚህ መጠን መድረስ አይቻልም፤ የሚዘጋጀው የብረት ጨዎችን ሟሟት ከአሞኒያ ጋር በማዋሐድ ነው።)

ሁለተኛው የሰልፉ የራሱ መላላት ነው። አቶም ሰልፉን የሚይዘው በጎረቤቶቹ አማካይነት ሲሆን ገጽ ላይ ያለው ጎረቤቱ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የኒኬል ንጣፍ ጥቂት አቶም ብቻ ሲወፍር ሰልፉ ከተለመደው 358 ዲግሪ ሴልሺየስ እጅግ ዝቅ ብሎ ይፈርሳል። ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ የተባለው ቁስ ወፍራም ቁራጭ ሳለ 61 ኬልቪን ላይ የሚፈርሰው ሰልፉ፣ አንድ ንብርብር ብቻ ሲቀር 45 ኬልቪን ላይ እንደሚፈርስ በ2017 ታይቷል። ሰልፉ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሆንለት ኖሮ፣ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሜርሚንና ዋግነር በ1966 እንዳረጋገጡት፣ በዚያ ስስነት ትንሽ ሙቀት እንኳ ባፈረሰው ነበር፤ ያዳነው ከንጣፉ ቀጥ ብሎ መቆምን መምረጡ ነው።

የእርስዎ ጥያቄ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው፤ ያንኑ የናኖ ዱቄት በበቂ መጠን ቢያቀዘቅዙት አቅጣጫው ረግቶ ማግኔትነቱን መልሶ ይይዛል።