ሃምሳን ተሻግሮ ጎንደር ላይ ሥራ መፈለግ

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ላላችሁት ነው። ነገሩ የእኔ እኩዮች ጉዳይ ይመስላል፤ ዝግጅቱ ግን የሚጀመረው በእናንተ ዕድሜ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። አማቴ ስለታመሙ ባለቤቴ አጠገባቸው መሆን ነበረባትና ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ከአዳማ ጎንደር ገባን። ጎንደር ሰው ትቀበላለች፤ ጎረቤቱ ገና ዕቃችንን ሳናወርድ ነው ቡና የጠራን። ሥራ ግን ሌላ ነገር ነው። አዳማ ላይ ስሜን ሰምቶ የሚቀጥረኝ ሰው ነበር፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ ማንም አያውቀኝም። የያዝኩት ወረቀቴን ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ወረቀት ላውራችሁ፤ ብዙ ወጣት ይንቀዋልና። የሥራ ማስታወቂያ ላይ ከታች በኩል፣ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይቅረብ የሚል መስመር ታያላችሁ። ያቺ መስመር የስንቱን ልፋት ውድቅ ታደርጋለች መሰላችሁ። እኔ ከሠራሁባቸው ድርጅቶች አንዱ ተዘግቷል፣ ባለቤቱም የሉም፤ እዚያ ያገለገልኩባቸውን ዓመታት የሚያስቆጥርልኝ አጣሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኮ ሥራ ስትለቁ ብቻ ሳይሆን በጠየቃችሁ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራችሁን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጣችሁ ያዛል። እንግዲህ ሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁ፤ ከአለቃችሁ ጋር ሰላም ሳላችሁ፣ ድርጅቱም በሩ ክፍት ሳለ።

ጡረታም እንደዚሁ ነው። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ፔይሮል ላይ መቆረጡን አይታችሁ ዝም አትበሉ፣ ገቢ መደረጉንም አረጋግጡ። 60 ዓመት ሞልቷችሁ 10 ዓመት አገልግሎት ከሌላችሁ በየወሩ የሚከፈል አበል የለም።

ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ በአክብሮት የሚመልሱህ ነገር አለ፤ «ጋሼ፣ ደመወዙ ለእርስዎ አይመጥንም» ይሉሃል። ልጆቹ ክፋት የለባቸውም። ፍራቻቸው በልጅ መታዘዝ እምቢ ይላል፣ አዲስ ነገርም አይለምድም የሚል ነው። እኔ ሳልጠየቅ በፊት ከእኔ በብዙ በሚያንስ ኃላፊ ሥር መሥራት እንደማይከብደኝ እናገራለሁ፤ ከዚያ ስለ አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ስለ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ እናወራለን። ይህን ደረጃ ያመጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሲወጣ ብዙ ባልደረቦቼ «ለጡረታ ስንት ቀረኝ» ብለው ትምህርቱን ተዉት። የተማሩት ግን ዛሬም ይፈለጋሉ። በእናንተ ሙያም እንዲህ ያለ ለውጥ መምጣቱ አይቀርም፤ በመጣ ጊዜ ዕድሜያችሁን አትቁጠሩ።

ሌላው የዋስ ነገር ነው። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚያስረክብ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፣ በአዲስ ከተማ ደግሞ ማን ይዋስሃል? ሰው ማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ የሰፈራችን ዕድር ገባሁና መዝገቡን ማስተካከል ጀመርኩ፤ ገንዘብ አልጠየቅሁም፣ የማውቀው ሥራ ስለሆነ ነው። ከአባላቱ አንዱ አዘዞ የግንባታ ዕቃ ይሸጣሉ፤ የግብር ወቅት ሲደርስ ሒሳባቸውን እንድሠራላቸው ጠሩኝ፣ እሳቸው ደግሞ ለሌላ ነጋዴ ነገሩ። ዛሬ ቋሚ ቅጥር ባይኖረኝም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ፋታ የለኝም፣ በሌላው ጊዜም የቤት ኪራያችንን የሚሸፍን ሥራ አላጣም።

ከእናንተ መካከል ቅጥር ላይ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማስታወቂያ ላይ የዕድሜ ጣሪያ ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው በእርግጥ ይጠይቀው እንደሆነ ኃላፊያችሁን ጠይቁ። ያልመረጣችሁትንም ሰው ደውላችሁ ንገሩት፤ ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሰው የሚቀጥለውን ወር ኪራይ ከመክፈሉ በፊት ቁርጡን ማወቅ አለበት።