«አስካለ የምትባል ሕፃን አይቼ አላውቅም»

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሴት መሆኗ ታውቋል። ባለቤቴ ከስምንት ወር በፊት ያረፉትን የእናቱን ስም፣ አስካለን፣ ካላወጣሁላት ብሏል። እኔ የምፈልገው ስታድግ የማታፍርበት፣ ቢሮ ውስጥ የሚያስከብራት፣ ውጭ አገርም የማያስቸግራት ስም ነው። ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ሄራን ብዬ ዘርዝሬያለሁ፤ ዝርዝሩን እንኳ አላየልኝም። እህቱ ደግሞ ሆዴን እየዳበሰች ከአሁኑ «ሚሚ» ትላታለች። እኔ አምስተኛ ሴት ልጅ ነኝ፤ ስሜ ምን እንዳደረገኝ አውቃለሁ። አስካለ የምትባል ሕፃን ደግሞ አይቼ አላውቅም። እንዴት ላሳምነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ቀልቤን የያዙት በችኮላ ያለፏቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የአማትዎ ማረፍ፣ ሌላው የአምስተኛ ሴት ልጅነትዎ ነገር ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ስምዎን እዚህ አላወጣውም። ለአንባቢ እንዲገባ ያህል፣ ወንድ ሲጠበቅ ሌላ ሴት በመምጣቷ ወላጆችዎ የተሰማቸውን የሚናገር ስም ነው። አገራችን በስም ብዙ ነገር ትናገራለች። ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ምትኬ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ይባላል። እንዲህ ያለ ስም ይዘው በደስታ የኖሩ ሞልተዋል፤ ስም ብቻውን ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው የወላጆች ያልተቋጨ ጉዳይ በልጁ ስም ውስጥ ገብቶ፣ ቤት ውስጥም በአነጋገርና በአያያዝ ሲቀጥል ነው። እርስዎን ያሸማቀቀዎት የስሙ ድምፅ ወይም አሮጌነቱ አይመስለኝም። አስተማሪ ስም በጠራ ቁጥር «የጠበቅነው አንቺን አልነበረም» የሚል ነገር አብሮ ይሰማዎት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ለልጅ ይህ ከባድ ነው። አሁን ለልጅዎ ስም ይህን ያህል መጨነቅዎም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ታዲያ ለትልቅ ሴት የሚሆነው ስም የቱ ነው? አርባ ዓመት ሲሞላት የራሷ አድርጋ የምትይዘው፣ የማንንም ሐዘን ወይም ቁጭት የማትሸከምበት ስም ነው እላለሁ። አዲስ ሆነ የድሮ፣ አጭር ሆነ ረጅም፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በዚህ ሚዛን አስካለን ለመጣል የቸኮሉ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ማዕረግ የሚቀጠለው በራስ ስም ላይ ነው፤ የአባት ስም አይሸፍነውም። ስለዚህ ዶክተር አስካለ፣ ዳኛ አስካለ፣ ወይዘሮ አስካለ እያሉ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይጥሩት፤ የሚጎረብጥ ነገር የለውም። በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ንግሥት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነበር። ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ስታመጣ፣ ስሟ የድሮ መሆኑ ማንንም አላሳሰበም። አስካለ የምትባል ሕፃን አላየሁም ይላሉ፤ አማትዎም እኮ ሕፃን ነበሩ።

ይህን ስል ለባለቤትዎ መፍረዴ አይደለም፤ የሚጠየቀው ነገር አለ። እናቱ ካረፉ ስምንት ወር፣ እርስዎ ከፀነሱ ሰባት ወር ነው። ፅንሱ የመጣው የአርባው ተዝካር በወጣበት ሰሞን ነው ማለት ነው፤ የሙት ዓመቱም ገና አልደረሰም። «እናቴ ተመልሳ መጣችልኝ» እያለ ከሆነ፣ ልጅቱ የአያቷን ቦታ ልትሞላ ነው የምትወለደው፤ የእርስዎ ታሪክ በሌላ መልክ ይደገማል። «ያላየቻትን አያቷን በስም ትወቅልኝ» ካለ ግን ስሙ ለልጅቱ የተሰጠ ስጦታ ነው። የቱ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ማወቅ አልቻልኩም፤ ዝርዝሩን አለማየቱን ነገሩኝ እንጂ ስለ ሐዘኑ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ምናልባት እርስዎም ገና አልጠየቁት ይሆናል።

የእርስዎንም ዝርዝር በዚሁ ሚዛን ያስቀምጡት። ኤልዳና መልካም ስም ነው። ነገር ግን እናቷ በልጅነቷ ላጣችው ክብር ማካካሻ ሆኖ ከወጣ ከምትኬ ብዙም አይርቅም።

ጊዜ አላችሁ። የልደት ምዝገባ የሚፈለገው በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ደግሞ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። እስከዚያ ፊቷን አይታችሁ ብትወስኑ ምንም አይጎድልባችሁም። በቅድሚያ ግን አንድ ምሽት የስሙን ነገር ሳያነሱ ስለ እናቱ እንዲያወራልዎት ይጠይቁት፤ መሐል ገብተው መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ። በሌላ ቀን እርስዎ ስለ ስምዎ ይንገሩት። ሚስቱ በስሟ ምን ያህል እንደተጎዳች ላያውቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ አስካለ ዋና ስሟም ይሁን የቤት ስሟ፣ ወይም ጭራሽ ይቅር፣ አብራችሁ የወሰናችሁት ይሆናል።

«ሚሚ» በቤት ብትቀር ክፋት የለባትም። የሚያስቸግረው መዋዕለ ሕፃናት ሲያስመዘግቡ ቅጹ ላይ ስትጻፍ ነው፤ የትምህርት ማስረጃ ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር ሳይገጥም ይቀራል። የተስማማችሁበትንም ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም አጻጻፉን ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ አንድ አድርጉት። በልደት ካርድ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ ዓይነት ሆኖ የሚንገላቱ ብዙ ናቸው።

ባለቤትዎ የእናቱ ስም ሲነሣ ዝም የሚል ወይም ተነሥቶ የሚወጣ ከሆነ ግን በደብዳቤ ምክር የሚፈታ አይመስለኝም፤ ከመውለድዎ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ አብራችሁ አማካሪ ዘንድ ብትቀርቡ ይሻላል። እርስዎም እንቅልፍ ማጣት፣ ለቅሶ ወይም ጭንቀት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀብዎት «የእርግዝና ነው» ብለው አይለፉት፤ ለክትትል በሚሄዱበት ጤና ተቋም ለሚያይዎት ባለሙያ በግልጽ ይንገሩ።