ፍቅረኛን ይዞ ለምሽት የት ይወጣል? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ሾፌር ጋር

እሺ፣ ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። የደሴን መስመር በከባድ መኪና ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ገደል፣ ስለ ኩርባና ስለ ጉም ጠይቁኝ። ስለ ፍቅር ሌላ ሰው ፈልጉ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ ከመሸ በኋላ በገደል መንገድ አትንዱ። ይህን ስደጋግም ትሰማላችሁ፣ ቻሉት።

የቪትዙ ልጅ፦ ጋሼ፣ እጮኛዬን ይዤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለን ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት አማረን። አንኮበር ይሻላል ወይስ ጣርማ በር?

ጋሽ ሾፌር፦ ለፀሐይ መጥለቅ ከሆነ ሁለቱም አይሆኑህም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱም አፋፍ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ነው። ፀሐይዋ የምትገባው በጀርባህ፣ በደጋው በኩል ነው። ገደል አፋፍ ላይ አቁመሃት «የታለች ታዲያ?» ብትልህ ምን ልትል ነው?

ግን አንኮበርን ተወው አላልኩም። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበራቸው ኮረብታ ላይ አሁን ሎጅ አለ። እዚያ ወጥታችሁ ቡና እዘዙና ወደ ታች እዩ። ከአሥር ሰዓት በኋላ የተራራው ጥላ ከእግራችሁ ሥር ይነሣና ቆላውን እየዋጠ ይሄዳል። በአልዩ አምባ በኩል ያሉት ጉብታዎች አንድ በአንድ ይጠቁራሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ሜዳ ግን ገና ፀሐይ ላይ ነው። እኔ ከመጥለቋ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ውጣ፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ተነሥ። ፀሐይዋን ያን ጊዜ ታገኛታለህ፤ ስትመለስ ሜዳው ላይ ከፊት ለፊትህ ናት። ዓይን ስለምትወጋ የፊት መስታወትህን ቀድመህ አጽዳ። ለማየት ካማራችሁ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ከመንገዱ ውጣና ቁም፤ እየነዳህ አትይ። እሷን ይበቃታል፣ አንተ መንገዱን እይ። ኮረብታው ሽቅብ የእግር መንገድ ስላለው ባለ ተረከዝ ጫማ እንዳታደርግ ንገራት።

ከአዲስ አበባ፦ ከሥራ ወጥተን ደርሰን ማታ እንመለሳለን፣ አይቻልም?

ጋሽ ሾፌር፦ አይቻልም። ደብረ ብርሃን ራሷ 130 ኪሎ ሜትር ናት። እንጦጦ ውጡ።

ሙሽራው፦ ጣርማ በርን ግን ለምን ይፈሩታል? ፎቶው እኮ ልዩ ነው።

ጋሽ ሾፌር፦ ፎቶው በጠዋት የተነሣ ነው። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሣው ሞቃት አየር ተራራውን ሲወጣ ይበርዳል፣ ጉም ይሆናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለኸው። አሁን ጠርቶ ያየኸው መንገድ ትንሽ ቆይቶ የራስህን ኮፈን አያሳይህም። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብራ፤ ተመልሶ ዓይንህ ላይ ነው የሚያበራው። በአጭር መብራት ሂድ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ዋሻ አፍ ላይ ለፎቶ አትቁም፤ ተሳቢ ሲወጣ የምትሸሽበት የለህም።

ወደ ደብረ ሲና የምትወርድ ከሆነ በማርሽ ውረድ። ቤንዚን እቆጥባለሁ ብሎ በኒውትራል የሚለቅ አለ። ከላይ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ቁልቁለቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያወርድሃል፤ ፍሬን ብቻውን ያን ሁሉ አይችልም። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ ዳር ይዘህ ቁም፣ ይቀዝቅዝ። እዚያ ደርሰህ የደብረ ሲናን ቆሎ ሳትገዛ እንዳትመለስ።

ስሜን አልናገርም፦ ለፍቅረኞች ምርጡ ቦታ የቱ ነው?

ጋሽ ሾፌር፦ ከየት ተነሥተህ? በምን መኪና? በየትኛው ወር? መጀመሪያ ከላይ ያለውን አንብብ።

የፍቼ ልጅ፦ ደብረ ሊባኖስን ረሱት እኮ! እሱም ሰሜን ሸዋ ነው።

ጋሽ ሾፌር፦ አልረሳሁትም። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ይቀርበዋል። እዚያ የሚታየው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ቀን አፋፉ ላይ ሣር ሲነጭ ይውልና ሊመሽ ሲል ለመተኛት ወደ ገደሉ ይወርዳል። እናትየዋ ልጇን አዝላ ቀጥ ያለውን ዐለት ስትወርድ ማየት ነው። ምግብ አትስጡት፣ አትጠጉት። እናንተም አፋፉን አትጠጉ።

የፍቼ ልጅ፦ ፖርቹጋሎች የሠሩት ድልድይም እዚያው አለ።

የባሶዋ ልጅ፦ የምን ፖርቹጋል? ራስ ዳርጌ ናቸው ያሠሩት።

የፍቼ ልጅ፦ ታዲያ ለምን የፖርቹጋል ድልድይ ተባለ?

የባሶዋ ልጅ፦ አስጎብኚ ያለውን ሁሉ ታምናለህ? ደግሞ ሰሜን ሸዋ ካልክ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው።

የፍቼ ልጅ፦ የአማራው። የኦሮሚያው ፍቼ ነው።

ጋሽ ሾፌር፦ ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ድልድዩን ሌላ ቀን ተሟገቱበት። ቀጣይ።

እህታችሁ፦ ጋሼ፣ ኅዳር ላይ ነው የምንሄደው። ብርዱ እንዴት ነው?

ጋሽ ሾፌር፦ ከኅዳር እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቀን ፀሐይዋ ታታልልሻለች፤ ጥላ የሆነ እንደሆነ ወዲያው ጥርስ ለጥርስ ነው። ጋቢ አይበቃም፣ የመንዝ ባና ያዙ። አንዱን ታነጥፉታላችሁ፣ አንዱን ለሁለት ትደርባላችሁ። አረቄ ያሞቃል የሚል ካለ ቁልፉን ቀሚው።

ሙሽራው፦ መኪና ውስጥ ምን ዘፈን ይሻላል?

ጋሽ ሾፌር፦ አላውቅም።

ስሜን አልናገርም፦ መንገዱ ሰላም ነው?

ጋሽ ሾፌር፦ ይህ በየቀኑ የሚለዋወጥ ነገር ነው፣ እዚህ ተጽፎ አይመለስም። በዚያው ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሂድና ከዚያ መስመር የገባ ሹፌር ጠይቅ። «ዛሬ ይቅርብህ» ካለህ ይቅር። ከተማ ውስጥ ሻይ ጠጡ፤ ገደሉ የትም አይሄድም።

ስሜን አልናገርም፦ እና ማታ መመለስ ይቻላል?

ጋሽ ሾፌር፦ ስንት ጊዜ ልበል? ከመሸ አትንዳ! ካመሸህ እዚያው እደር።

የቪትዙ ልጅ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። ቪትዜ የአንኮበርን ዳገት ትችለዋለች?

ጋሽ ሾፌር፦ ትችላለች። ደብረ ብርሃን ከአንኮበር ከፍ ያለች ስለሆነች ከባዱ ዳገት ስትመለስ ነው። ጠዋት ውሃዋንና ዘይቷን እይ፣ ጎማ አስነፋ። ስታቆም የእጅ ፍሬን ስበህ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ስትሄድ ድንጋዩን አንሣው፤ መንገድ ላይ ትተህ እንዳትሄድ።